ዘጠና ዘጠኝ ጣቢያ

አውጫጭኝ መሃል የገባ ሰው ነገሩ ሳይጣራ አይወጣም። ይህን ሕግ አውቀው ነበር። የማላውቀው እኔንም እንደሚመለከተኝ ነው።

ጊዜው ከጎረቤት አገር ጋር የድንበሩ ጦርነት የተፋፋመበት ነው። እኔ ያኔ ባሕር ዳር ላይ በአንድ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬን እወድ ነበር፤ ስሜን ከርዕስ ሥር ታትሞ ማየት ደግሞ ከሥራው አብልጬ እወድ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ንጹሕ ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ተናጋሪው ሁሉ በየመስመሩ ተለይቶ ይጻፋል። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት አይደለም። ስህተቱ ደብተሬ ላይ እንዳልነበረ እንድታውቁት ነው።

ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው በጋ ወደ ምዕራብ ጎጃም ወርጄ ሃምሳ አለቃ ውበቱ ስለሚባል ሰው ጽፌ ነበር። ውበቱ በቀድሞው ጦር የመገናኛ ባለሙያ ነበር። ጦሩ ሲበተን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ተመልሶ ሬዲዮ መጠገን ጀመረ። በአካባቢው የነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ የካምፑን ዲሽ ከነሪሲቨሩ በጨረታ ገዛ። ዛሬ በየቆርቆሮው ላይ የምታዩትን ሰሃን እንዳታስቡ። ከሦስት ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ወንፊት ከመሰለ ሽቦ የተሠራ፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ነገር ነው። ሪሲቨሩ ጥቁርና ከባድ ሳጥን ሆኖ ፊቱ ላይ ሁለት ቀይ አኃዞች ይበሩበታል። ውበቱ በጄኔሬተር ያስነሳዋል፤ እሑድ እሑድ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የፈረንጅ ኳስና የዓረብ ዘፈን ያያል።

ያን ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንዲያዞርልኝ አደረግሁ። ሦስቱ ላይ ጥሩ ምስል አለ። አራተኛው ላይ ድምፅ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጭጋግ ነው። የቀረው ሁሉ ባዶ ነው፤ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ነጭ መስኮት።

"ቁጥሩ እስከ ስንት ይሄዳል?" አልኩት።

"እስከ ዘጠና ዘጠኝ። ግን ቁጥር ነው እንጅ ጣቢያ አይደለም። ጎተራ በለው። እህል ከሌለ ጎተራው ቢበዛ ምን ይፈይዳል?"

ይህንንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ባሕር ዳር ገብቼ ዜናውን ስጀምር ግን "ሦስት ጣቢያ" የሚለው አላምር አለኝ። "የጎረቤት አገሮችን ጭምር ዘጠና ዘጠኝ የውጭ ጣቢያዎችን የሚስብ ዲሽ" ብዬ ጻፍኩ። የጎረቤት አገር የሚለውን ማንም አልነገረኝም፤ ዓረፍተ ነገሩ ወዝ እንዲኖረው ከራሴ የጨመርኩት ነው። ዜናው ወጣ፣ ተወደደ፣ እኔም ረሳሁት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

አለቃዬ አንድ ቀን ጠርቶ "ያ የዲሹ ሰውዬ ምን ላይ ደረሰ? ሂድና ሁለተኛ ዜና ሥራበት" አለኝ። በአውቶቡስ ቡሬ ገባሁ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍሬ መገንጠያው ላይ ወረድኩና በእግሬ ቀጠልኩ። እኩለ ቀን ሆኗል። ዳጉሳው ለአጨዳ ደርሷል፤ ማሳው ላይ ግን አንድም ሰው የለም። ያ መጀመሪያ ያስገረመኝ ነገር ነው። ሁለተኛው ዲሹ ነው። ከአጥሩ በላይ ሲታየኝ ጠርዙ ተጣሞ፣ ወንፊቱ በድንጋይ ተበሳስቶ፣ መሃሉ ላይ ያለው ምስል የሚስበው ዓይን በገመዱ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ሜዳ ስደርስ አንድ ሚሊሻ መንገድ ዘጋብኝ።

"ወዴት ነው?"

"ለሥራ ነው፤ ከባሕር ዳር።"

መታወቂያዬን ተቀብሎ ማኅተሙን አየ፣ ጽሑፉን ሳያነብ ገለበጠ፣ መለሰልኝ። "የግብርና ሠራተኛ ነህ?"

ከጀርባው የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። የወዳጅ ፊት አልነበረም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደው።

"ግባና ተቀመጥ። አውጫጭኝ ነው፤ የገባ አይወጣም።"

"እኔ የዚህ ቀበሌ ሰው አይደለሁም።"

"ወሬስ ቀበሌ ያውቃል? ተቀመጥ ብያለሁ!"

አውጫጭኝን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። በደል ደርሶ በዳዩ ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ለነሱ በጆሯቸው ይነግራል። የተናጋሪው ስም አይጠራም፤ ሽማግሌው ቆሞ "ወፍ እንዲህ አለች" ይላል። እውነቱ እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። ስለዚህ ሜዳው ላይ ያለው ሰው በተጠርጣሪው ብቻ ሳይሆን በጊዜውም፣ በፀሐዩም፣ በእህሉም ተናድዶ ነው የሚቀመጠው።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ታከለ ይባላል፤ የወፍጮ ባለቤት ነው። ሳልጠይቀው ጀመረ።

"ግብርና ከሆንክ ጻፍ። ዳጉሳየ እየረገፈ ነው። አንድ ሳጥን ላይ አፍጥጨ ሁለተኛ ቀኔ ነው።"

ሳጥኑን አየሁት። ሪሲቨሩ በራሱ ገመድ ተጠፍንጎ ከሽማግሌዎቹ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ወዲህ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ሃምሳ አለቃ ውበቱ ነው። ጀርባው ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሟል። ውበቱ አየኝ። ወዲያው ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ።

"ምን አጠፋ?" አልኩት ታከለን።

"የዚያች የአንጓች ልጅ፣ ሙሉቀን፣ ግንባር ነው። ሬሳው በዚህ ሰውየ ዲሽ ታየ ተባለ። እናቲቱ ጠጉሯን ተላጭታ ከል ለበሰች። ይኸውና።"

"ማን አየው?"

"እሱን እኮ ነው የምንፈልገው!"

ወይዘሮ አንጓች ከሴቶቹ መሃል ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በጥፍር ተነጭቶ ቆስሏል። በዚህ አገር መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ በንጋት፣ ደጃፍ ላይ ነው የሚያረዳው። እሳቸው ግን የልጃቸውን ሞት ውኃ ሲቀዱ ምንጭ ላይ ነው የሰሙት። ሰዉን ከወሬው እኩል ያስቆጣው ይህ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሣ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ይሰማል።

"ነገሩ የሚያዘገይ አይደለም። ዲሹ የጠላትን ጣቢያ ይስባል። ይህ ሰው የጠላት ወሬ አሰራጭቷል። ነገ ለወረዳ አስረክበዋለሁ።"

በዚያ ጊዜ "የጠላት ወሬ አሰራጭ" ተብሎ የተሰጠ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የመመለሱም ነገር እርግጠኛ አይደለም። ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ውበቱም ያውቃል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ቸሬ ይባላሉ። ጭራቸውን አንድ ጊዜ ወዝወዝ አደረጉ። "አንተ ሥራህን ትሠራለህ፤ አውጫጭኙ የኛ ነው። ወፏ ትናገር። ከወፏ በኋላ ውሰደው።"

ውበቱ እንዲናገር ተፈቀደለት። "ሦስት ጣቢያ ነው ያለኝ። ሁላችሁም አይታችኋል" አለ።

"የምታሳየን ሦስት! የምትደብቀንስ ስንት?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ዲሹን ጣት በምታህል ብታንቀሳቅሰው ሦስቱም ይጠፋሉ። ከተከልኩት ጀምሮ አላዞርኩትም። ሂዱና ብሎኖቹን እዩ፤ ዝገው ተጣብቀዋል።"

"የደርግ ወታደር መቼ ብሎን ይቸግረዋል!"

"ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ ኳስ የለም እንዴ?"

ሳቅ ሆነ፤ መጥፎ ሳቅ። ብሎኑን ሊያይ የተነሣ ሰው አልነበረም። ከሚስቁት መሃል እሑድ እሑድ እዚያው ግቢ ኳስ ሲያዩ ያገኘኋቸውን ሰዎች ለየሁ።

አያ ቸሬ ወሬውን ከጫፉ ይዘው ወደ ምንጩ መጎተት ጀመሩ። ወይዘሮ አንጓች ከጎረቤታቸው ከስንዱ ሰሙ። ስንዱ ከማን ሰማሽ ስትባል ጊዜ ወሰደች። እየተነሡ ለሽማግሌዎቹ የሚያንሾካሹኩ ሰዎች ሰልፍ ረጅም ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያ ቸሬ ቆሙ።

"ወፍ እንዲህ አለች፤ ስንዱ ከታከለ ሚስት ሰማች፤ የታከለ ሚስት ከታከለ ሰማች። ታከለ፣ ና።"

አጠገቤ የነበረው ሰው ተነሣ። ወደ ጠረጴዛው አየ፣ ወደ ሊቀመንበሩ አየ።

"አባቶቸ፣ ዛሬ ደክሞኛል። ነገ ብናገርስ?"

"ይደርልህ" አሉ አያ ቸሬ። "ግን ሌሊቱ አፍህን እንዳያሳጥረው።"

ሰዉ ተበተነ። ውበቱን የቀበሌው ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ አስገቡት። እኔ እንግዳ ስለሆንኩ አያ ቸሬ ቤት እንዳድር ተወሰነ። ከዚያ በፊት ሚሊሻውን ለምኜ ለውበቱ በጣሳ ውኃ ወሰድኩለት። ገና አልጨለመም ነበር።

"መጣህ?" አለኝ።

"እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

"ያን ቀን ስንት ጣቢያ አየህ?"

"ሦስት።"

"ስንት ጻፍክ?"

ጣሳውን አቀበልኩት።

"ጋዜጣው ቀበሌው ዘንድ አለ" አለ። "ሊቀመንበሩ አሳይቶኛል። ስምህ አለበት። ነገ ማስረጃ ብሎ ያቀርበዋል።"

"እዚያው ተቀምጬ ነበር። ለምን እሱ ነው ብለህ አልጠቆምክም?"

"እኔ ወፍ አይደለሁም። አዝኘልህ እንዳይመስልህ። አንደበት ያለው ሰው ነህ፤ ነገ ምን እንደምትልበት ማየት እፈልጋለሁ።"

ውኃውን ጠጥቶ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ነገር ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ልሸሽ ወስኜ ነበር። ጦርነት ነው፤ ሐሰተኛ ዜና ጻፍኩ ብሎ በአደባባይ መናገር ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። ልጁን ግንባር የላከ ሕዝብ ፊት መናገር ደግሞ ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ ጫማዬን አጥልቄ በሩን ገፋሁ። አያ ቸሬ ደጃፉ ላይ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ።

"ወጣህ?" አሉኝ።

"ለሽንት ነው አባቴ።"

"ጓሮ ነው። ቦርሳህን እዚሁ ተውልኝ።"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ ጓሮ ሄጄ ተመለስኩ። በሩ ላይ ባላገኛቸው ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ አይመስለኝም።

ሜዳው ሲሞላ ታከለ ተጠራ። "እኔ ከጸሐፊው ሰማሁ" አለ ባንድ ትንፋሽ። "ከቀበሌው ጸሐፊ፣ ከአስማማው። ወፍጮ ሊያስፈጭ መጥቶ ነው የነገረኝ።"

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫው ተነሣ። "ጸሐፊው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በወፍ አይጠየቅም!"

"ወሬውን ሲያወራ የመንግሥት ነበር?" አለች አንዲት ሴት። ሰዉ አጉረመረመ። አስማማው ራሱ ወጣ። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ ነው፤ ፈርቷል።

"እኔ ሙሉቀን ሞተ አላልኩም" አለ። "ዲሹ የጎረቤት አገር ይስባል ነው ያልኩት። ታከለ የኛን ልጆችስ ያሳዩ ይሆን ሲለኝ፣ ይስባል ከተባለማ የሞቱትን ማሳየታቸው አይቀርም አልኩት። ሙሉቀንስ ሲለኝ፣ እሱም እዚያው አይደል አልኩት። ይኸው ነው።"

"ይስባል ብሎ የነገረህ ማነው?" አሉ አያ ቸሬ።

አስማማው ከኪሱ የታጠፈ ጋዜጣ አወጣ። ጠርዙ ተበልቷል፤ መሃሉ ላይ የዘይት ጠብታ አለበት። ድምፁን አጥርቶ አነበበ፤ "የጎረቤት አገሮችን ጭምር ዘጠና ዘጠኝ የውጭ ጣቢያዎችን የሚስብ ዲሽ..."

የራሴን ዓረፍተ ነገር በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሳነበው የሚያምር መስሎኝ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ የክስ ቃል ነበር።

"የጻፈው ሰው ዲሹን አይቶታል?" አሉ አያ ቸሬ።

"አይቶ ነው እንጅ! ጋዜጣ እኮ ነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። "ጋዜጣ ይዋሻል? ሃምሳ አለቃው ነው የዋሸን!" አለ አንዱ። "ዘጠና ስድስቱን ለራሱ ደብቆ!" አለ ሌላው። "ይውሰዱት!" የሚል ጩኸት ከሦስት አቅጣጫ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ጣቱን አነሣ፤ ሚሊሻው ውበቱን ክንዱን ይዞ አስነሣው። ውበቱ አልታገለም። እኔን አየኝ።

ተነሣሁ።

"ጋዜጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

መጀመሪያ ማንም የሰማኝ የለም። ደገምኩት። በሦስተኛው ጸጥ አለ።

"አባቴ፣ ይፍቀዱልኝ። ያን ቀን ያየሁት ሦስት ጣቢያ ነው። ዘጠና ዘጠኝ የሳጥኑ ቁጥር ነው፤ ሃምሳ አለቃም ቁጥር ነው እንጅ ጣቢያ አይደለም ብሎ ነግሮኛል። የጎረቤት አገር ያልኩት ከራሴ ነው። ማንም አልነገረኝም። አላየሁም።"

"ትናንት ግብርና ነኝ ብለህ አልነበር?" አለ ሚሊሻው።

"ነኝ አላልኩም። አይደለሁምም አላልኩም።"

"ውሸታም!" የሚል ድምፅ መጣ፤ አብሮትም የአፈር ጓል ትከሻዬን መታኝ። "አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ዋሸሁ ሲል ይታመናል?" አለ ታከለ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሦስት ብዬ የጻፍኩበት ደብተሬ ባሕር ዳር ነው።

አያ ቸሬ መታወቂያዬን ጠይቀው ለአስማማው ሰጡት። አስማማው ከጋዜጣው ጋር አስተያየና "ስሙ አንድ ነው" አለ።

"እንግዲህ ስሙኝ" አሉ አያ ቸሬ። "ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ። ራሱን ለመጣል ሲዋሽ ግን አላየሁም። ሃምሳ አለቃን ልቀቀው።"

ሚሊሻው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ሕዝቡን አየ። ክንዱ ተለቀቀ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለኝ። ወይዘሮ አንጓች ግን ከሴቶቹ መሃል ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው።

"ታዲያ ልጀ አለ?" አሉኝ።

"አላውቅም እናቴ።"

"ዲሹ አላየውም አልክ አይደል?"

"ዲሹ አላየውም።"

"እንግዲያማ አለ!"

"ሞቷል ያለው ሰው አላየውም ማለቴ ነው። መኖሩን ግን አላውቅም።"

አያ ቸሬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "አለ በላት ልጀ። አንድ ቃል ነው።" ከዚያ ሕዝቡም ያዘው፤ "አለ በላት! ምን ቸገረህ!" ቅድም ሊቀጠቅጠኝ የሚችል ሕዝብ አሁን የሚለምነኝ አንድ ቃል ነበር። ብላቸው ሁሉም ነገር ይሰክናል፤ እሳቸው ከላቸውን ያወልቃሉ፣ ሰዉ ወደ ዳጉሳው ይሄዳል፣ እኔም በሰላም እወጣለሁ።

"አላውቅም" አልኩ።

ወይዘሮ አንጓች እግሬ ሥር ተፉ። "ለጋዜጣህ ዘጠና ዘጠኝ ጨመርክ" አሉ። "ለኔ አንድ ቃል አጣህ?"

በሙያዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ አለቆች ጮኸውብኛል፣ ባለሥልጣን አስፈራርቶኛል። እንደዚያ ያለ ነገር ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም። እውነታቸውን ነበር። እኔም እውነቴን ነበር። ሁለቱ አይታረቁም።

ሊቀመንበሩ እኔን ለወረዳ ልስጥ አለ። አያ ቸሬ አልፈቀዱም። "ወፏ ያወጣችውን አውጫጭኙ ይፈርዳል" አሉ። ፍርዱም ይህ ነበር፤ "መርዶ በንጋት ይነገራል። አንተ ያለ ንጋት፣ ያለ ሽማግሌ፣ አገር ተሻግረህ አርድተሃል። ነገ በንጋት ደጃፏ ቆመህ ያረዳኸውን መልስ።" ሊቀመንበሩ ስሜንና የመሥሪያ ቤቴን አድራሻ ጻፈ። ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ማሳው ወረደ። ሲያልፉ ትከሻቸው የገጨኝ ሁሉ በድንገት የገጨኝ አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ወይዘሮ አንጓች ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ጤዛው እግሬን አርሶታል። አያ ቸሬ "ቤቶች" ብለው ተጣሩ። እሳቸው በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ፤ ግቡ አላሉንም።

"እናቴ፣ በኔ ጽሑፍ የመጣብዎት መርዶ እውነት አይደለም" አልኩ። "ሙሉቀን ሲሞት ያየ ሰው የለም። ከግንባር የመጣ ቃልም የለም። ያወቅሁት ይህን ያህል ነው።"

"አያ ቸሬ፣ ከሌን ላውልቅ?" አሉ እኔን ሳያዩ።

አያ ቸሬ ወደ እኔ ዞሩ። "ከዚህ በላይ አላውቅም" አልኩ።

"እንግዲያው አላወልቅም" አሉ ወይዘሮ አንጓች። "አላለቅስምም። እንዲህ ሆኘ እቆያለሁ።" በሩ ተዘጋ።

ወደ መገንጠያው ስወርድ ውበቱን አገኘሁት። ሪሲቨሩን በነጠላ ጠቅልሎ ተሸክሟል። ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ይጠብቃል።

"ተለቅቀህ የለ? ለምን ትሄዳለህ?" አልኩት።

"ዲሹን በድንጋይ የደበደቡት ሰዎች ትናንት ማታ ቤቴ መጥተው እንኳን ለቤትህ አበቃህ አሉኝ። እንጀራ ይዘው። ከዚህ ሰው ጋር ምን ብየ እኖራለሁ?"

"ይቅርታ አድርግልኝ ሃምሳ አለቃ።"

"አውጫጭኙ ካንተ ጋር ጨርሷል" አለኝ። "እኔ አልጨረስኩም።"

መኪናው መጣ። ሳጥኑን መጀመሪያ ጫነ፣ ከዚያ ራሱ ወጣ። እኔን ለመጫን ቦታ ነበር፤ ቀጣዩን ጠበቅሁ።

ባሕር ዳር እንደገባሁ አራት መስመር እርማት ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። "በዚህ ጊዜ? ተወው" አለኝ። እርማቱ አልወጣም። የሊቀመንበሩ ደብዳቤ ግን በሳምንቱ ደረሰ፤ ከሪፖርተርነት ተነሥቼ የሌሎችን ጽሑፍ አራሚ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ያህል ስሜ የትም አልታተመም። መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጣት ቆጠርኩት። ኋላ ግን የሌላውን ሰው ቁጥር ሁሉ "ይህን ማን ቆጠረው?" እያልኩ ማንበብ ለመድኩ፤ ወደ ሪፖርተርነት ስመለስም ያው ልማድ አብሮኝ ተመለሰ። ዛሬም ወጣት ጋዜጠኞች በኔ ያማርራሉ፤ ለአንድ አኃዝ ሦስት ጊዜ ስልክ ያስደውለናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች ግን አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። እኔ የጻፍኩትን የምታምኑት ስለታተመ ነው። ያ ሜዳ ላይ የነበረ ሕዝብ ክፉ ሕዝብ አልነበረም። በዓይኑ ያየውን ሦስት ጣቢያ ትቶ ያላየውን ዘጠና ስድስት ያመነው፣ ወረቀት ላይ ስላገኘው ነው። የኔ ስህተት የጀመረው ሦስት ቁጥር አላምር ያለኝ ቀን ነው። ሐሰት ለመጻፍ የተቀመጥኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ጽሑፍ የማሳምር ነበር የመሰለኝ። ሲያምርላችሁ ጠርጥሩ። የኔንም ቢሆን።

የሙሉቀንን ነገር እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያን መንደር አንድ ጊዜ ረግጫለሁ፤ የሆነውንም አውቄ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ይህን ታሪክ እንደምጽፍ ለወይዘሮ አንጓች ነገርኳቸውና ስለ ልጃቸው ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

"የኔን ልጅ ተወው" አሉኝ። "የራስህን ጥፋት ጻፍ።"

ጻፍኩ።